«የተሰፋ ሲቀደድ ከስፌቱ ነው» ይሉኛል፤ በምጥ ልሞክር ወይስ ይቅርብኝ?

ሰላም ናችሁ? በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ሦስቱ አንድ ጉዳይ ስለሚያነሱ ገጹን በሙሉ ለእነሱ ሰጠሁ። ስለ ወር አበባ የጠየቃችሁኝ እስከሚቀጥለው እትም ታገሱኝ።

ጥያቄ፦ ሰላም ሲስተር። ባለቤቴ ደብረ ብርሃን በሄደ ቁጥር መጽሔቱን ይገዛልኛል፤ መጀመሪያ የማነበው የእርስዎን ዓምድ ነው። 29 ዓመቴ ነው፣ አስተማሪ ነኝ። የምኖረው ከደብረ ሲና ወረድ ብሎ ባለ ቀበሌ ነው። የመጀመሪያ ልጄን የዛሬ ሁለት ዓመት ከአራት ወር አዲስ አበባ እህቴ ጋ ሄጄ በኦፕራሲዮን ወለድኩ። ልጁ በመቀመጫው ስለመጣ ነው የተሠራሁት። አሁን የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። ሐኪሙ «ከፈለግሽ በምጥ መሞከር ትችያለሽ» አለኝና ቀጣዩን ታካሚ ጠራ። አማቴ «የተሰፋ ልብስ ሲቀደድ ከስፌቱ ነው» ይላሉ። እናቴ ደግሞ «ልጅ በምጥ ነው፤ አንዴ ቆረጡሽ፣ ደግሞ እንዳትሸወጂ» ትለኛለች። ሁሉም የሚያወራው ስለ ልጁ ነው። እኔ ላይ ምን ሊደርስ ይችላል? ሳይደብቁ ይንገሩኝ።
የአንድ ልጅ እናት፣ ከሰሜን ሸዋ

መልስ፦ እህቴ፣ «እኔ ላይ ምን ሊደርስ ይችላል?» የምትለዋን ደጋግሜ አነበብኳት። ማዋለጃ ክፍል ውስጥ 22 ዓመት ሠርቻለሁ። «እኔስ?» ብለው የጠየቁኝን ሴቶች በጣቴ እቆጥራቸዋለሁ። እንግዲያው ዛሬ ልጁን ትተን ስለ አንቺ ብቻ እናውራ።

አማትሽ ግማሽ እውነት ይዘዋል። ማህፀን በምጥ ጊዜ አጥብቆ ይኮማተራል። በዚያ ጉልበት የድሮው ጠባሳ ሊለቅ ይችላል። ሐኪሞቹ ራፕቸር ይሉታል፣ እኛ መተርተር እንለዋለን። አሜሪካ ውስጥ ቀድሞ በኦፕራሲዮን ወልደው ምጥ የሞከሩ 17,898 ሴቶችን ተከታትለው በ2004 (እ.ኤ.አ.) ያወጡት ጥናት አለ። ማህፀናቸው የተተረተረው 124ቱ ናቸው። ከ1,000 ሰባት መሆኑ ነው። ምጥ ሳይጀምራት በቀጠሮ የምትሠራዋ ላይ ግን ከ10,000 ሁለት ሦስት ቢደርስ ነው።

ከ1,000 ሰባት ብዙ ነው ወይስ ትንሽ? የት ሆነሽ እንደምታምጪ ይወስነዋል። አንድ ሌሊት ልንገርሽ፤ ሆስፒታሉን አልጠራም።

እንደ አንቺ አንድ ጠባሳ ያላት እናት ነበረች። ምጧ ደህና ሄዶላት የማህፀኗ በር ሰባት ሴንቲ ተከፍቷል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ «ማርያም፣ ማርያም» ስትል የነበረችው ሴት ድንገት ጸጥ አለች። «ሲስተር፣ አሁን ተሻለኝ። ትከሻዬን ብቻ ነው የሚያመኝ» አለችኝ። እህቷ «ተመስገን» አለች። እኔ ተመስገን አላልኩም። ሰባት ሴንቲ ላይ ያለ ምጥ ምን ሲደረግ ይሻላል? ሆዷ ላይ እጄን አሳረፍኩ። ማህፀኗ መኮማተሩን ትቷል። የልጁን የልብ ምት አዳመጥኩ፣ 70። የእሷን ትርታ ያዝኩ፣ 130። ጎንበስ ብዬ የሽንት ከረጢቷን አየሁ። ሽንቷ በብዙ ውኃ የተበረዘ ከርከዴ መስሏል። በጣቴ ስመረምራት ወርዶ የነበረው የልጁ ራስ ወደ ላይ ተመልሷል። ጠባሳው ለቋል ማለት ነው።

ቀዶ ሕክምና ክፍሉ ከኮሪደሩ ማዶ ነበር። ሐኪሙም ማደንዘዣ ሰጪውም እዚያው ነበሩ። በ20 ደቂቃ ውስጥ ሆዷ ተከፈተ። ያዘገየን ደም ነው። የናሙናው ወረቀት ላይ ስሟ ተሳስቶ ስለተጻፈ እንደገና ይላክ ተባለ። እስከዛሬ ያንን ወረቀት ሳስብ ያንገበግበኛል። በመጨረሻ አራት ከረጢት ደም ወሰደች፣ ማህፀኗም ተሰፍቶ ቀረላት። ልጇም ተረፈ። የሌላ እናት ማህፀን ግን አልሰፋ ብሎ ሲወጣ አይቻለሁ። 24 ዓመቷ ነበር፣ ሁለተኛ ልጇ ነበር።

አሁን ያንን ኮሪደር በእናንተ መንገድ ለውጪው። ከእናንተ ቀበሌ ደብረ ብርሃን በሌሊት ማለት ጣርማበርን በጉም መውጣት ማለት ነው። የተተረተረ ማህፀን ደሙን ወደ ሆድ ነው የሚያፈሰው። ከውጭ ብዙም ላይታይ ይችላል። ስለዚህ አምቡላንስ ሲጠበቅ «ደም እኮ የለም» እየተባለ ጊዜው ይሄዳል።

ይህን ካልኩ በኋላ ግን አንድ ነገር ልብ በይ። ሞክረው የሚጎዱት አብዛኞቹ ሴቶች ማህፀናቸው የተተረተረ አይደሉም። ምጡን ጀምረው፣ ረጅም ሰዓት ለፍተው፣ አልሆን ብሎ መሃል ላይ ወደ ኦፕራሲዮን የገቡት ናቸው። ያ የ17,898ቱ ሴቶች ጥናት ይህንን በደንብ ያሳያል። ከሞከሩት ውስጥ ተሳክቶላቸው በታች ከወለዱት ማህፀናቸው በኢንፌክሽን የተጠቃው ከ100 አንድ ገደማ ነው። ያልተሳካላቸው ላይ ግን ከ100 ስምንት ይጠጋል። ደም መውሰድም እንዲሁ፤ ከ100 አንድ የነበረው ሦስት ይሆናል። በቀጠሮ የተሠሩት በኢንፌክሽኑ መሃል ላይ ናቸው፤ በደም መውሰዱ ግን ከተሳካላቸው ጋር ይቀራረባሉ። አየሽ፣ ከሁሉም ቀላሉ ተሳክቶ በታች መውለድ ነው። ከሁሉም የሚከብደው ደግሞ ተሞክሮ መክሸፉ ነው። መጀመሪያውኑ የምትወራረጂው በዚህ ነው።

የከሸፈውን ከራሴ አውቀዋለሁ። ሁለተኛ ልጄን በምጥ ልወልድ 14 ሰዓት አማጥኩ። ስምንት ሴንቲ ላይ ቆመ። የሽርት ውሃዬ ከፈሰሰ ቆይቷል፣ የሚመረምረኝ እጅም ብዙ ነበር። ሥራ ባልደረቦቼ ናቸውና ሁሉም «እስቲ ልየው» ይላል። ተሠራሁ። በሦስተኛው ቀን ትኩሳት ያዘኝ፣ ከቁስሌም ፈሳሽ መምጣት ጀመረ። ዘጠኝ ቀን ተኛሁ። አጠገቤ በቀጠሮ የተሠራችው ሴት በሦስተኛ ቀኗ ሻንጣዋን ይዛ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብላኝ ወጣች። ቀናሁባት፣ አልዋሽም።

የአንቺ ዕድል ግን ከእኔ ይሻላል። እኔ መጀመሪያ የተሠራሁት ምጡ አልገፋ ብሎ ነው። እንዲህ ያለው ምክንያት የመደገም ጠባይ አለው። አንቺ የተሠራሽው ልጁ በመቀመጫው ስለመጣ ነው፤ ይሄኛው ራሱን ወደ ታች ካደረገ ያ ምክንያት የለም። በጥቅሉ ከሚሞክሩት አራት ሴቶች ሦስቱ ገደማ ይሳካላቸዋል። በሁለቱ ልጆች መካከል ያለው ጊዜም ደህና ነው። ዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላ የሚመጣው ሁለተኛ ልጅ ነው ጠባሳውን ይበልጥ የሚፈትነው። አንድ ነገር ግን እወቂ፤ በታች ወልደሽ ስለማታውቂ ምጥሽ የመጀመሪያ ወላጅ ምጥ ነው። ይረዝማል፣ ታች መቀደድም ሊኖር ይችላል።

እናትሽ ምጥን ይወዳሉ፣ አማትሽ ይፈራሉ፤ ቀጠሮ የተያዘለት ኦፕራሲዮን የሚያስከፍለውን ግን ሁለቱም አልነገሩሽም። ሆድ በተከፈተ ቁጥር ውስጡ ይጣበቃል፣ የሽንት ፊኛ የመነካት ዕድልም ይጨምራል። ትልቁ ጣጣ ደግሞ በሚቀጥለው እርግዝና ነው የሚመጣው። እንግዴ ልጁ ወርዶ የማህፀኑን በር ከሸፈነ፣ የድሮው ጠባሳ ውስጥ ሥር ሰዶ አልላቀቅ ሊል ይችላል። እንግዴ ልጇ እንዲህ ታች ከተቀመጠባቸው ሴቶች፣ ሁለተኛ ኦፕራሲዮኗ ከሆነች ከ100 11፣ ሦስተኛዋ ከሆነ 40 ይደርሳሉ። ያኔ ማህፀን ማውጣት ብዙ ጊዜ ግድ ነው። ስለዚህ «ስንት ልጅ ነው የምትፈልጉት?» ብዬ መጠየቄ ለወሬ አይደለም። ሁለት ይበቃናል ካላችሁ ሁለተኛው ኦፕራሲዮን ያን ያህል አያስፈራም። አራት የምትሉ ከሆነ ዛሬ ምጡ ቢሳካልሽ ነገ ብዙ ነገር ይቀርልሻል።

ስለ ሞትም ጠይቀሽኛል ብዬ ልቁጠረው። በ2010 (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካ የጤና ተቋማት ባለሙያ ሰብስበው ያለውን መረጃ ሁሉ ሲመዝኑ፣ ምጥ ከሞከሩ 100,000 ሴቶች አራት ገደማ፣ በቀጠሮ ከተሠሩ 100,000 ደግሞ 13 ገደማ ሞተዋል። ምጡ ይሻላል ማለት ነው። ግን ይህ የእነሱ አገር ቁጥር ነው፤ ሐኪሙም ደሙም ኮሪደር ማዶ ያለበት። ቤቷ ሆና ለምታምጥ ሴት ይህንን ቁጥር ማንም አያበድራት።

«አንዴ በኦፕራሲዮን ከወለድሽ ሁሌም በኦፕራሲዮን ነው» የሚለው ነገርም ከአማትሽ የመጣ አይደለም። በ1916 (እ.ኤ.አ.) ኤድዊን ክሬጊን የሚባል የኒው ዮርክ ሐኪም ያለው ነው። በዚያን ዘመን ማህፀን የሚቀደደው ከላይ ወደ ታች፣ በወፍራሙ ጡንቻ ላይ ነበር። ያ ስፌት እውነትም አያስተማምንም። ዛሬ የሚቆረጠው በአብዛኛው ታች፣ በስሱ ክፍል፣ አግድም ነው። ልብስ ሰፊ ይህንን ይገባዋል፤ የትኛውም ጨርቅ በሁሉም አቅጣጫ እኩል አይለቅም።

ስለዚህ መጀመሪያ ወረቀትሽን ፈልጊ። ከአዲስ አበባ ስትወጪ የሰጡሽ ማጠቃለያ ላይ የማህፀንሽ መቆረጫ ተጽፏል። «ሎወር ሴግመንት ትራንስቨርስ» (ታች አግድም) ካለ ደህና። «ክላሲካል» (ከላይ ወደ ታች) ወይም «ቲ» (እንደ T ፊደል) ካለ የምጥ ነገር አይነሳ። ቆዳሽ ላይ ያለው ጠባሳ ምስክር አይሆንም። ከውጭ አግድም ሆኖ ውስጡ ቁልቁል የሆነ አለ። ወረቀቱ ከጠፋ እህትሽ ሄዳ ካርድ ክፍል ታስፈልግልሽ፤ ሁለት ወር ጊዜ አላችሁ።

ቀጥሎ ቦታው። ጤና ጣቢያው ክትትልሽን ይሥራልሽ፣ ብረቱንም ይስጥሽ፤ ምጡ ግን እዚያ አይሆንም። ደብረ ብርሃን ስትሄጂ ሐኪሙ ቀጣዩን ታካሚ ሳይጠራ ያዢው። «እሑድ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ቢሆን ማን ነው የሚሠራኝ? ማደንዘዣ ሰጪው ግቢው ውስጥ ያድራል? የእኔ ዓይነት ደም አለ?» በይው። አይቆጣም። ቢቆጣም ይቆጣ። 38ኛው ሳምንት ላይ ደብረ ብርሃን ግቢ፤ ዘመድ ጋ ወይም ሆስፒታሉ የእናቶች ማቆያ ካለው እዚያ። የሽርት ውሃ ሲፈስ ወይም ምጥ ሲጀምር «ትንሽ ይግፋልኝ» ብለሽ ቤት አትቆዪ።

ቀኑ አልፎብሽ «ምጥ በመድኃኒት እናምጣልሽ» ካሉሽ አስቢበት። በራሱ የመጣ ምጥ ላይ መተርተሩ ከ1,000 አራት ከሆነ፣ በመድኃኒት የመጣው ላይ አሥር ይሆናል። ሚሶፕሮስቶል የሚባለው ክኒን ደግሞ ጠባሳ ላለው ማህፀን በእርግዝናው መጨረሻ ወራት አይሰጥም። ስሙን ያዢው። የሠፈር ሴቶች ተልባ ቢሰጡሽ ጠጪ፣ ግድ የለም። ሆድሽን ግን ማንም አይሽሽ።

ስታምጪም ዝም አትበይ። በሁለት ምጥ መካከል የማይለቅ ሕመም፣ ጠባሳሽ አካባቢ የተለየ ስቃይ፣ ደም፣ የትከሻ ሕመም፣ ማዞር፣ ወይም እንደዚያች ሴት ድንገት «ተሻለኝ» ማለት ከመጣ ጩኺ።

እኔ ብሆን? ወረቀቴ ደህና ከሆነ፣ ደብረ ብርሃንም መክረሚያ ካገኘሁ እሞክር ነበር፤ ምጡ ሰዓታት ቆሞ ካልገፋ ደግሞ እስኪደክመኝ ሳልጠብቅ «ሥሩኝ» እል ነበር። መክረሚያው ካልተገኘ ግን ለ39ኛው ሳምንት ቀጠሮ አስይዤ አማቴን «ልክ ነዎት» እላቸው ነበር።

ጥያቄ፦ እንደምን ነዎት ሲስተር? ኩዌት ስሠራ ነው የወለድኩት። በሰባት ወሬ ግፊቴ በጣም ጨምሮ በኦፕራሲዮን አወጡልኝ። ልጁ አልተረፈም። ተቻኩዬ ስለመጣሁ ምንም ወረቀት የለኝም። አሁን ደሴ አግብቼ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። ጠባሳዬ አግድም ነው፤ በጣም ታች፣ ቀጭን። በምጥ መውለድ እችላለሁ?
ከደሴ

መልስ፦ እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ እህቴ። ይሄኛውን በሰላም ያሳቅፍሽ።

የአንቺን መልስ አሳጥረዋለሁ፦ ያለ ወረቀት አትሞክሪ። ለብዙ ሴቶች ወረቀት መጥፋቱ ብቻውን አይከለክልም፤ አብዛኛው መቆረጫ ታች አግድም ስለሆነ። አንቺን ለየት የሚያደርግሽ ሰባተኛው ወር ነው። የማህፀን ታችኛው ስስ ክፍል በደንብ የሚዘረጋው ወደ መጨረሻ ነው። በሰባት ወር ገና ጠባብ ስለሆነ ሐኪሙ ልጁን ለማውጣት ቁልቁል ወደ ላይ ሊቀድ ይችላል። የቆዳሽ ቀጭን መስመር ይህንን አይነግርሽም። እንደዚያ ያለ ጠባሳ በምጥ ከ100 እስከ ዘጠኝ ሴት ላይ ሊተረተር ይችላል። ምጥ ሳይጀምርም ይለቃል፤ ስለዚህ እንዲህ ያሉትን በ36ኛውና በ37ኛው ሳምንት መካከል በቀጠሮ ነው የሚሠሯቸው።

ኩዌት የቀረች ጓደኛ ካለችሽ ስምሽን፣ የፓስፖርት ቁጥርሽንና የወለድሽበትን ቀን ላኪላትና ሆስፒታሉ ሄዳ ትጠይቅልሽ። እንዲህ አድርገው ወረቀታቸው በስልክ ፎቶ የመጣላቸው አሉ። ለደሴ ሐኪምሽ ደግሞ «ሰባት ወር ላይ ነው የተሠራሁት» የምትለውን ቃል በመጀመሪያው ቀን ንገሪው፤ ካርድሽ ላይም ይጻፈው። ግፊትሽንም በየቀጠሮው ይለኩልሽ፣ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው የምንኖረው። ባለቤቴ 35 ዓመቷ ነው፣ ሁለት ጊዜ በኦፕራሲዮን ወልዳለች። ሦስተኛውን በምጥ እወልዳለሁ ብላለች። አንዱ ሐኪም «ሁለት ካለሽ አይሆንም» አላት። ሌላው ኮምፒውተር ላይ ሞልቶ «ዕድልሽ 41 በመቶ ነው» አላት። ማንን እንመን?
ባል

መልስ፦ አቶ ባል፣ የሚቀጥለውን ደብዳቤ እሷ ብትጽፈው ደስ ይለኛል። ለአሁኑ ግን እነሆ።

«ሁለት ካለሽ አይሆንም» የዚያ ሐኪም ወይም የሆስፒታሉ ደንብ ነው። የአሜሪካ የማህፀንና ጽንስ ሐኪሞች ኮሌጅ ሁለቱም ጠባሳዎች ታች አግድም ከሆኑ መሞከር እንደሚታሰብ ይቀበላል። የመተርተሩ ነገር ከ1,000 ከዘጠኝ እስከ 18 በተለያዩ ጥናቶች ታይቷል። ደም የመውሰድና ማህፀን የማጣት ዕድሉም አንድ ጠባሳ ካላት ሴት ይበልጣል። ሌሊትም ማደንዘዣ ሰጪው ግቢው ውስጥ የሚያድርበት ትልቅ ሆስፒታል ከሆነ መነጋገር ይቻላል።

41 በመቶውን ግን ጠይቁ። ምጡ የመሳካት ዕድሉን የሚገምተው ያ የኮምፒውተር ማስሊያ በ2007 (እ.ኤ.አ.) ሲወጣ ዘር ይጠይቅ ነበር። ጥቁር ወይም ሂስፓኒክ የሚለው ላይ ምልክት ሲደረግ ውጤቱ ይወርዳል። የጎንደር ልጅም የሐረር ልጅም እዚያ ሳጥን ውስጥ ገብታ ዕድሏ ሲቀነስባት ኖሯል፤ በማህፀን አሠራሯ ግን አይደለም። በ2021 (እ.ኤ.አ.) ዘሩን አውጥተው አሻሽለውታል። ሐኪሙን «በየትኛው ነው ያሰሉት? ዘር ጠይቋል?» በሉት። በአዲሱ ሠርቶ 41 ካለ እንግዲህ ከግማሽ በታች ነው። ከላይ ለሰሜን ሸዋዋ እህታችን ስለከሸፈ ምጥ የጻፍኩትን አብራችሁ አንብቡት።

ከሁሉ በፊት ግን እንግዴ ልጁ የት እንደተቀመጠ በአልትራሳውንድ ይታይ። ሁለት ጠባሳ ላላት ሴት ከ41 በመቶው በላይ የሚያሳስበኝ እሱ ነው። ታች ተቀምጦ ከሆነ የምጡ ጥያቄ እዚያው ያበቃል፤ ኦፕራሲዮኑም ደም በብዛት ባለበት ትልቅ ሆስፒታል መሆን አለበት። ውጤቱን ላኩልኝ፤ እሷ ትጻፈው።